የተደረደረ አሬይ ላይ የምትሠራ ትንሽ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ፦ ጀመዓው ሳትራሩ ተቹልኝ

ሳቢያን ማዶ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ጀመዓ። ከድሬዳዋ ነኝ። ለአንድ የመለዋወጫ መደብር የዋጋ መፈለጊያ እየሠራሁ ነው። ሻጩ ስልኩ ላይ «ካንዴ» ብሎ መጻፍ ሲጀምር ካንዴላው ከነዋጋው፣ ከነመደርደሪያ ቁጥሩ ወዲያው መምጣት አለበት። ኔትወርክ ሲጠፋም እንደዚያው። ስለዚህ ዝርዝሩ በሙሉ ስልኩ ውስጥ አሬይ (ቦታቸው ከዜሮ ጀምሮ የተቆጠረ ተከታታይ ዕቃዎች) ሆኖ ተቀምጧል። ወደ 60 ሺህ መስመር ነው።

60 ሺህ መስመር ከላይ እስከ ታች ማሰስ ለአዲስ ስልክ ቀልድ ነው። ሻጮቹ የያዙት ግን አሮጌ ስልክ ነው። በእያንዳንዷ ፊደል ዝርዝሩን ሙሉ ሲያስስ ይንቀራፈፋል። ዝርዝሩ ደግሞ የተደረደረ ነው። የተደረደረ ነገር ሲሆን መሃሉን አይቶ ግማሹን መጣል፣ የቀረውንም እንደገና መክፈል ይቻላል። ባይነሪ ሰርች የምንለው ማለት ነው። በ60 ሺህ መስመር ቢበዛ 16 ጊዜ ማየት ይበቃል። ሚሊዮን ቢሆን እንኳ 20 ብቻ።

ጃቫስክሪፕት ግን ይህን በራሱ አልያዘም። ፓይተን ባይሴክት የሚባል ሞጁል አለው። ጃቫም አለው። እኛ ያለን ኢንዴክስኦፍና ፋይንድ ናቸው፤ ሁለቱም ከዜሮ ተነስተው አንድ በአንድ ነው የሚሄዱት። ለራሴ ብዬ የጀመርኩት ነገር አድጎ ላይብረሪ ሊሆን ነው። ስሞቹን በአማርኛ አድርጌያቸዋለሁ፤ ጃቫስክሪፕት የግዕዝ ፊደል ለስም ይቀበላል።

ፈልግ(ዝርዝር, ዕቃ, አወዳዳሪ)
ካገኘ ቦታውን ይመልሳል። ካላገኘ መግባት የነበረበትን ቦታ ኔጋቲቭ አድርጎ፣ ከዚያም አንድ ቀንሶ ይመልሳል።

አስገባ(ዝርዝር, ዕቃ, አወዳዳሪ)
ተራውን ሳያፋልስ ይጨምራል።

ከእስከ(ዝርዝር, ታች, ላይ, አወዳዳሪ)
በሁለቱ መካከል ያለውን ቆርጦ ይሰጣል።

የጋራ(አንዱ, ሌላው, አወዳዳሪ)
ሁለቱም ዝርዝር ውስጥ ያለውን ብቻ ይመልሳል።

አወዳዳሪ ማለት ከሁለት ዕቃ የቱ እንደሚቀድም የሚናገር ፈንክሽን ነው፤ የመጀመሪያው ከቀደመ ኔጋቲቭ፣ እኩል ከሆኑ 0፣ ሁለተኛው ከቀደመ ፖዘቲቭ ይመልሳል። ካልተሰጠ በማነሻና በመብለጫ ምልክት ያወዳድራል። ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ጥቅሎች የሚጋሩበት ማከማቻ) ላይ ከማውጣቴ በፊት እዩልኝ።

ታይዋን ሱቅ

ሎዳሽ የሚባል ላይብረሪ አለ እኮ አቦ! ሶርትድኢንዴክስ፣ ሶርትድላስትኢንዴክስ፣ ሶርትድዩኒክ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ምን አደከመህ?

ሳቢያን ማዶ

ሎዳሽን አይቼዋለሁ። ሶርትድኢንዴክስባይ የምታወዳድርበትን ፊልድ ያስመርጥሃል እንጂ የራስህን አወዳዳሪ አይቀበልም። ከትልቅ ወደ ትንሽ የተደረደረ ዝርዝር ብትሰጠው ዝም ብሎ የተሳሳተ ቦታ ይነግርሃል። ዲ3 አሬይ የሚባለው ላይብረሪ ውስጥ ያለው ባይሴክተር አወዳዳሪ ይቀበላል። እሱ ጎበዝ ነው። መፈለግ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱን ወስጄ እተኛ ነበር። እኔ ግን ማስገባትና ማውጣትም እፈልጋለሁ።

ጀጎል ውስጥ

ከሐረር ነኝ። ኮዱን አየሁት፣ ሲነበብ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። አወዳዳሪውን በየጥሪው ትቀበላለህ። የተደረደረ አሬይ ላይ የሚመጣ ጣጣ አብዛኛው ከዚያ ነው የሚነሳው። የደረደረው በአንድ ሕግ፣ የሚፈልገው በሌላ ሕግ። ስህተቱ ደግሞ አይጮህም። ኤረር የለም፣ ቀይ ጽሑፍ የለም። ዕቃው መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሎ «የለም» ይልሃል። የባሰው ደግሞ አንዳንዱን ማግኘቱ ነው። ስትሞክረው ይሠራል፣ ሻጩ እጅ ሲገባ ያጣል።

ሶርትን ያለ ምንም አወዳዳሪ ጥራው እስቲ። ቁጥሮቹን ወደ ስትሪንግ ቀይሮ ነው የሚያወዳድረው። 9፣ 80 እና 100 ብር ብትሰጠው 100፣ 80፣ 9 አድርጎ ይመልስልሃል። ያንተ ፈልግ ደግሞ ያለ አወዳዳሪ ሲጠራ ቁጥርን እንደ ቁጥር ነው የሚያየው። ሁለቱም አወዳዳሪ አልተሰጣቸውም፣ ሁለቱም ግን የተለያየ ሕግ ይዘዋል። የዋጋ ዝርዝር ላይ ይህ ቢገባ አስበው።

ከዳታቤዝ ተደርድሮ የመጣም እንደዚያው ነው። ፖስትግሬስ ኦርደር ባይ ሲያደርግ የሚከተለው የራሱን ኮሌሽን (የፊደል መደርደሪያ ሕግ) ነው። በተለመደው የእንግሊዝኛ ኮሌሽን ትንሹ ኤ ከትልቁ ዜድ ይቀድማል። ጃቫስክሪፕት በማነሻ ምልክት ሲያወዳድር ግን የሚያየው ኮዱን ነው። ትልቁ ዜድ 90፣ ትንሹ ኤ 97 ስለሆነ ዜድ ይቀድማል። ያንተ የመለዋወጫ ኮዶች ግማሹ በትልቁ፣ ግማሹ በትንሹ ፊደል የተጻፈ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ሎካልኮምፔር (ስትሪንግን በቋንቋው ሕግ የሚያወዳድረው) ይሻላል የሚል ካለ፣ ሰርቨር ላይ ደርድሮ ስልክ ላይ መፈለግ እሱንም ያስቸግረዋል። ሰርቨሩ ላይ ያለው ኖድና ስልኩ ላይ ያለው ብራውዘር የተለያየ የአይሲዩ (የቋንቋ ሕጎቹን የያዘው ላይብረሪ) ስሪት ይዘው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አወዳዳሪው አንዴ ብቻ ይሰጥ። ተራ(አወዳዳሪ) የሚል አንድ ፈንክሽን ይኑርህ፤ ደርድርን፣ ፈልግን፣ አስገባን፣ ከእስከን በዚያ ሕግ አስሮ ይመልስ። ደርዳሪውም ፈላጊውም ከአንድ እጅ ይውጡ።

ሳቢያን ማዶ

ሐሳብሽ ገብቶኛል። ግን ላይብረሪዋ ቀላል እንድትሆን ነው የፈለግኩት። አሬይ ስጥ፣ መልስ ውሰድ። አሬዩን ክላስ ውስጥ ከደበቅኩት ጄሰን ላይ ስትጽፊው፣ ሪአክት ላይ ስትሰጪው፣ ሁሌ አውጪው አስገቢው ይመጣል። ደግሞ የራሱን አወዳዳሪ የማያውቅ ፕሮግራመር አለ?

ጀጎል ውስጥ

ክላስ አላልኩም። አሬዩ አሬይ ሆኖ ይቀጥል፤ የሚታሰሩት ፈንክሽኖቹ ናቸው።

የማያውቅ አለ ወይ ላልከው፣ ሞልቷል። ኢንተርኔት ላይ «ሀ ከለ ይበልጣል» የሚለውን ብቻ የሚመልስ ስንት አወዳዳሪ አለ መሰለህ። መልሱ ትሩ ወይ ፎልስ ነው። ትሩ 1፣ ፎልስ 0፤ ኔጋቲቭ የሚባል ነገር በጭራሽ አይመጣም። ድሮ ክሮም ላይ አጭር አሬይ ከሆነ በዕድል ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ክሮም 70 እና ኖድ 11 ሲወጡ የሁለቱ ሞተር የሆነው ቪ8 ቲምሶርት ወደሚባል የመደርደሪያ ዘዴ ዞረ። ማንም ኮዱን ሳይነካው መደርደሩን ተወ። ጥፋቱ የቪ8 አልነበረም። አወዳዳሪው ከመጀመሪያውም ግማሽ መልስ ነበር የሚሰጠው።

አሮጌው ባቡር

ልጅቷ ያለችው ልክ ነው። እኔ ከእኩያዎቹ በኩል ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ2019 ስታንዳርድ ወዲህ ሶርት እኩል የሆኑትን በመጡበት ተራ እንዲያስቀምጥ ይገደዳል። ስለዚህ አስገባ የምትለው ፈንክሽንህ እኩያ ሲያገኝ ከእኩያዎቹ ኋላ ነው ማስገባት ያለባት። ከፊት ካስገባች በእሷ የሠራኸውና በሶርት የደረደርከው ዝርዝር አይገጥሙም። ፈልግ ደግሞ ከእኩያዎቹ የትኛውን ነው የሚመልሰው? ያገኘውን ከሆነ፣ ዝርዝሩ ላይ አንድ ዕቃ ሲጨመር መልሱ ይቀያየራል። ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ይመልስ። ለመጨረሻው ሌላ ፈንክሽን ክፈትለት። በሁለቱ ልዩነት ስንት እንዳለም ሳትቆጥር ታውቃለህ።

ለገሃሬ

ጋሼ ባቡር፣ ይቅርታ ጥያቄ አለኝ። ካልተገኘ ለምንድን ነው አንድ የሚቀነሰው? ኔጋቲቭ ማድረጉ ብቻ አይበቃም? ቢያስረዱኝ።

አሮጌው ባቡር

ድሬ ተቀምጠህ «ቢያስረዱኝ» ትላለህ? አንተ በለኝ እባክህ፣ አታስረጀኝ።

ዕቃው መግባት ያለበት ቦታ ዜሮ ቢሆንስ? ኔጋቲቩ ያው ዜሮ ነው። ጃቫስክሪፕት ኔጋቲቭ ዜሮ የሚባል ነገር አለው፣ ግን ከዜሮ ጋር ስታወዳድረው በሦስት እኩል ምልክትም «እኩል ናቸው» ይልሃል። ስለዚህ «ዜሮ ላይ አለ» የሚለውና «የለም፣ ዜሮ ላይ አስገባው» የሚለው ይደባለቁብሃል። አንድ ሲቀነስ -1 ይሆናል፣ ተለየ። ጃቫም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ጃቫን ካነሳን አይቀር፦ መሃሉን ለማግኘት ሁለቱን ጫፍ ደምሮ ለሁለት የሚያካፍለው መስመር እዚያ ለዓመታት ተሳስቶ ኖሯል። ድምሩ ከ32 ቢት ሲያልፍ ኔጋቲቭ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ያደረገው ጆሽዋ ብሎክ ነው፤ ኮዱን የጻፈውም ራሱ ነበር። የጃቫስክሪፕት ቁጥር ግን 64 ቢት ደብል ስለሆነ ሳቢያን በዚህ በኩል ይተኛ።

ፈረስ መጋላ

እስካሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳ። የምትደረድረው አማርኛ ከሆነ ገና አልተጀመረም።

መጀመሪያ ደስ የሚለው። በዩኒኮድ የፊደላችን ኮድ ከሀ እስከ ፐ በሀሁ ቅደም ተከተል ነው የተቀመጠው። ስለዚህ በማነሻ ምልክት ብቻ ስትደረድር ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ እንደ ገበታው ይወጣልሃል። ላቲን ተጠቃሚዎች ያላቸው የትልቅና የትንሽ ፊደል ጣጣ እኛ ዘንድ የለም።

አሁን ደግሞ የሚያናድደው። እኔ ለሱቆች የዱቤ ደንበኞች መዝገብ እሠራለሁ። ሐሰን፣ ሀሰን፣ ሃሰን። ዓሊ፣ አሊ። ኃይሉ፣ ሀይሉ። ከተማችንን እንኳ ሐረርም ሀረርም እያልን ነው የምንጽፈው። በድምፅ አንድ ናቸው፤ በኮድ ግን በሀ እና በሐ መካከል የለ ቤተሰብ በሙሉ ገብቷል። ኀ ደግሞ ከቸ ኋላ ነው ያለው። ባይነሪ ሰርች ሀሰንን ፍለጋ ሲሄድ ሐሰን ወዳለበት ግማሽ ዞር ብሎም አያይም። ከላይ እስከ ታች የሚያስስ ፍለጋ ቢያንስ «ይመስላል» የሚል ማጣሪያ ሊታከልበት ይችላል። ባይነሪ ሰርች ግን የጣለውን ግማሽ አይመለስበትም።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ስም ቁልፍ መሥራት ነው። ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው መልሳቸው። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ። በቁልፉ ደርድር፣ በቁልፉ ፈልግ፣ ለሰው የምታሳየው ግን ደንበኛው ራሱ የጻፈውን ይሁን። ቁልፉን አወዳዳሪው ውስጥ አትሥራው። በእያንዳንዱ ማወዳደር ስትሪንግ እየቀያየረ ስልኩን ይገድለዋል። አንዴ ሠርተህ ከዕቃው ጋር አስቀምጠው።

አንድ ሌላም አለ። «ካንዴ» ብሎ ሲጻፍ ካንዴላ ይምጣ ብለሃል። በድምፅ ኪቦርድ የሚጽፍ ሰው ግን ዴ ላይ ከመድረሱ በፊት ድን ነው የሚጽፈው። ስክሪኑ ላይ ለቅጽበት «ካንድ» ይላል። በ«ካንድ» የሚጀምር ካንዴላ የለም። ስለዚህ ውጤቱ ባዶ ይሆናል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። ሻጩ ብልጭ ድርግም የሚል ዝርዝር ነው የሚያየው። እዚህ ላይ ነው የተደረደረ አሬይ የሚያስደስተኝ። ከደ እስከ ዷ ያሉት 8 ተከታታይ ኮዶች ናቸው። የመጨረሻዋን ፊደል ወደ ቤተሰቧ መጀመሪያ መልሳት፤ ከ«ካንደ» ጀምሮ እስከ «ካንዷ» እና በእሷ የሚጀምሩት ድረስ ከእስከን ጥራ። ካንዱም፣ ካንዲም፣ ካንዴላም አንድ ላይ ተያይዘው ነው የተቀመጡት። አንድ ቁራጭ ሆነው ይወጣሉ። የኮዱን የመጨረሻ 3 ቢት ዜሮ ማድረግ ብቻ ነው። እንደ ቈ እና ኰ ያሉት ዲቃሎች ለብቻቸው ስለተቀመጡ እነሱን ለይተህ አስተናግድ።

ሳቢያን ማዶ

ወላሂ ይህ የካንድ ነገር! ሻጮቹ «ዝርዝሩ ይርበተበታል» ሲሉኝ ስልኩ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ዛሬ ማታ ነው የማስገባው።

ለገሃሬ

ስለ ሆሄ ከተነሳ፣ በአማርኛ ስም የሰየምካቸው ቫሪያብሎችስ? አንዱ «ዕቃ» ብሎ ፈጥሮ ሌላው «እቃ» ብሎ ቢጠራው ጃቫስክሪፕት አላውቀውም ነው የሚለው።

ታይዋን ሱቅ

😂😂 ሪፈረንስ ኤረር በአማርኛ

ጀጎል ውስጥ

ለገሃሬ እውነቱን ነው። የአማርኛውን ስም ውደደው፣ ግን ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ስም ደርብለት። የጥቅሉ ስም እንደሆነ ኤንፒኤም በግዕዝ አይቀበልህም። ታይፕስክሪፕት የሚጠቀም ሰው ኤዲተሩ ስለሚጠቁመው ብዙ አይቸገርም።

ቀፊራ ዳታ

አስገባን በተመለከተ። ቦታውን በ16 እርምጃ ያገኛል፣ ጥሩ። ከዚያ ግን ስፕላይስ (አሬዩ መሃል መሰንቀር) ነው የምታደርገው። ሚኒባስ ሞልቶ ሳለ አንድ ሰው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ ቢባል የኋላዎቹ ሁሉ አንድ አንድ ወንበር ማፈግፈግ አለባቸው። መፈለጉ ፈጣን ነው፣ ማፈግፈጉ ነው የሚያስከፍለው። አንድ ዕቃ ለመጨመር ችግር የለውም፣ ሞተሩ ማሸጋሸጉን በፍጥነት ይሠራዋል። አዲስ ጭነት ገብቶ 3 ሺህ ዕቃ አንድ በአንድ ብታስገባ ግን 3 ሺህ ጊዜ ማፈግፈግ ነው።

ለጅምላ ሌላ ፈንክሽን አድርግ። ሁሉንም መጨረሻው ላይ ግፋቸውና አንዴ ደርድር። ቲምሶርት የተደረደረ ቁራጭ ሲያገኝ ያውቀዋል፤ ቲም ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ2002 ለፓይተን ሲሠራው ይህንን አስቦ ነው። አሮጌው 60 ሺህ እንደተደረደረ ስለሚያገኘው ከአዲሱ ጋር ማዋሃድ ነው የሚቀረው። አዲሱን ለብቻው ደርድረህ ራስህ ብታዋህደውም ያው ነው።

የጋራም ላይ እንደዚሁ። ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን እየሄድክ ነው የምታወዳድረው። ሁለቱም ትልቅ ከሆኑ ትክክል ነው። አንዱ 20 ዕቃ ያለው ትዕዛዝ፣ ሌላው 60 ሺህ ያለው መጋዘን ከሆነ ግን ትንሹን አንድ በአንድ ይዘህ ትልቁ ውስጥ ፈልግ። 20 በ16 ሲባዛ 320 ነው። ጎን ለጎን ስትሄድ እስከ 60 ሺህ ልትደርስ ትችላለህ።

ባጃጅ ዴሊቨሪ

እኔ ዕቃ ሳይሆን ሰዓት ነው የምደረድረው። የማድረሻ ትዕዛዞች ናቸው፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር። 10:40፣ 12:20፣ 1:15፣ 2:05። በስትሪንግ ስደረድር ልክ እንደጻፍኩት ነው የሚወጣው። የጠዋቱ 12:20 ከ10:40 በኋላ ይመጣል፣ 2:05 ደግሞ መጨረሻ። ከእስከ በዚህ ላይ ይሠራልኛል?

ጀጎል ውስጥ

በዚያ መልኩ አይሠራም። የጠዋቱ 12 ሰዓት የቀኑ መጀመሪያ ስለሆነ ቁጥሩ ትልቅ ቢሆንም ተራው ቀዳሚ ነው። ሰዓቱን ከጠዋቱ 12 ጀምሮ ወደ ተቆጠረ ደቂቃ ቀይረው። 12:20 ሃያ ይሆናል፣ 1:15 ሰባ አምስት፣ 2:05 መቶ ሃያ አምስት፣ 10:40 ስድስት መቶ አርባ። የማታው 12 ሰዓት ከ720 ይጀምራል። ለሰው ስታሳየው ብቻ ወደ ሰዓት መልሰው።

ቀኑ ግን ብዙ አያስጨንቅህ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ተራ ጽፈህ ነጠላውን አሃዝ በዜሮ ከሞላኸው በስትሪንግም በትክክል ይደረደራል። ጳጉሜ 13ኛ ወር ሆና ቦታዋን ትይዛለች። የጃቫስክሪፕት ዴት ኦብጀክት ግን ስለ ጳጉሜ አይሰማም።

ሳቢያን ማዶ

እሺ፣ ወደ ተራ(አወዳዳሪ) እዞራለሁ። ያሳመነኝ የፈረስ መጋላ ቁልፍ ነው። ቁልፉን የሚሠራውን ፈንክሽንም አብሬ አስረዋለሁ፤ ያለበለዚያ ሰው በቁልፍ ደርድሮ በጥሬው ስም ይፈልጋል። አስገባ ከእኩያዎች ኋላ ትሆናለች። የጅምላው ለብቻው ይገባል።

አንድ ያልወሰንኩት አለ። ሰው ያልተደረደረ አሬይ ቢሰጠኝ ላረጋግጥ ወይስ ልመነው? ባረጋገጥኩ ቁጥር 60 ሺህ መስመር ማየት ነው፤ የባይነሪ ሰርችን ትርፍ በላሁት ማለት ነው።

ጀጎል ውስጥ

በየፍለጋው አታረጋግጥ። ተደርድሯል(ዝርዝር) የሚል ፈንክሽን ስጥ፤ ዳታው ስልኩ ላይ ሲጫን አንዴ ይጠራ። ጎን ለጎን ያሉትን ጥንዶች ብቻ ነው የሚያየው። ካልተደረደረ የትኛው ቦታ ላይ እንደተፋለሰ ይናገር፣ ዝም ብሎ አይደርድር። ተደርድሮ መምጣት የነበረበት ዳታ ሳይደረደር ከመጣ ሌላ ቦታ የተሰበረ ነገር አለ።

ቴስቱን በእጅ በተጻፈ ምሳሌ ብቻ አትተወው። ኮምፒዩተሩ የዘፈቀደ አሬይ ይፍጠር፣ ባዶውን፣ አንድ ዕቃ ብቻ ያለውንና ሁሉም እኩል የሆኑበትን ጨምሮ። ከዚያ ፈልግ የሰጠውን ከላይ እስከ ታች በሚያስሰው ሞኝ ፈንክሽን መልስ ጋር አስተያይ። የባይነሪ ሰርች ስህተት ጫፍ ላይ ነው የሚደበቀው። በምሳሌ ስትጽፍ ሁሌ መሃል ያለውን ነው የምትሞክረው።

ናን («ቁጥር አይደለም» የሚል እሴት) ያለበትን አሬይም ሞክር። ዋጋው ያልተሞላ ዕቃ ወደ ቁጥር ሲቀየር ናን ሊሆን ይችላል፤ ናን ከማንም አያንስም፣ ከማንም አይበልጥም። አንዱ መሃል ከገባ ፍለጋው እዚያ ሲደርስ ይሳሳታል። ከመደርደርህ በፊት አውጣው።

አሮጌው ባቡር

ናን ላይ ተስማምቻለሁ። አንዲፋይንድን (ምንም ያልተሰጠውን እሴት) ግን ሶርት ራሱ አወዳዳሪውን ሳይጠይቅ መጨረሻ ላይ ይከታቸዋል። ፈልግህ ያንን ልማድ ይወቅ፣ ያለበለዚያ አወዳዳሪው ውስጥ ገብቶ ይፈነዳል።

ሳቢያን ማዶ

ተቀብያለሁ። አሮጌ ስልክ ያላችሁ ሞክሩልኝ፣ ሊንኩን ነገ እለጥፋለሁ። ደርድር የመጣውን አሬይ አይነካም፣ በቱሶርትድ ቅጂ ነው የሚመልሰው።

ቀፊራ ዳታ

ቱሶርትድ ክሮም ላይ የገባው በ110 ነው። ሻጮቹ የያዙት ስልክ እዚያ ላይደርስ ይችላል። በስላይስ ቅዳውና ሶርት አድርገው፣ ውጤቱ ያው ነው።

ሳቢያን ማዶ

ስላይስ ይሁን።